አየር የሚስብ ሞተር፦ ሚኒሞ ከማስነሳት በፊት ቀዳዳውን መፈለግ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

ዛሬ የምናነሳው አየር ስለሚስብ ሞተር ነው። ሞተር አየር መሳቡ የተፈጥሮ ሥራው ነው። ችግር የሚመጣው በአየር ማጣሪያው በኩል ብቻ መግባት የነበረበት አየር፣ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም ባረጀ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ሾልኮ ሲገባ ነው። ይህ ምን ያስከትላል? ቀዳዳው እንዴት ይገኛል? ሲገኝስ እንዴት ይደፈናል? በቅደም ተከተል እናያለን።

በቅድሚያ ግን በጋራዦቻችን ደጋግሞ የሚያጋጥመውን ነገር ላንሳ። መኪናዋ ቀለበት መንገድ ላይ ደህና ትሄዳለች። መብራት ላይ ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፣ ሚኒሞዋ፣ ማለትም እግር ከመርገጫው ሲነሳ የሚኖረው ዝቅተኛ ዙር፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ትጠፋለች። ባለመኪናው ጋራዥ ይገባና «የኔ ወንድም፣ እባክህ ሚኒሞዋን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ፣ እየጠፋች አስቸገረችኝ» ይላል። መካኒኩም «ችግር የለም ጋሼ» ብሎ ካቻቪቴውን ያነሳል፣ ቡሎኗን ሩብ ዙር ያዞራል፣ ሞተሩ ድምፁ ይስተካከላል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ቀዳዳው ግን እዚያው አለ። ጥቂት ቆይቶ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ያኔ ካንዴላ ይቀየራል፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፕ፣ ከዚያ ሴንሰር። ገንዘቡ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ቀርቶ፣ ችግሩ ከመኪናዋ ጋር ወደ ቤት ይመለሳል።

የዛሬው ዝግጅታችን መልእክት ይህ ነው፦ ሳይመረመር አይቀየር፣ ሚኒሞም ሳይፈተሽ አይነሳ። ብዙ ጊዜ የጥፋቱ ምንጭ የአንድ ስንዝር ጎማ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ከሞተሩ ውስጥ እንጀምር። ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል። የቤንዚን መርገጫውን ስትለቁት ግን የአየር መግቢያው በር፣ ትሮትል የምንለው፣ ሊዘጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይጠብባል። ፒስተኖቹ መሳባቸውን አያቆሙም፤ የሚገባው አየር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት በጣም ዝቅ ይላል። ቫኪዩም የምንለው ይህን ልዩነት ነው። የሕክምና ሲሪንጅ አፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ ዘንጉን ብትጎትቱት ጣታችሁ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በማኒፎልዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ስንጥቅም የውጭውን አየር የሚያስገባው በዚሁ መንገድ ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚገባው አየር በጣም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በስንጥቅ የሚሾልከው ጥቂት አየር ድርሻው ትልቅ ይሆናል፣ ድብልቁን ያቀጥነዋል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል። ስትረግጡት ትሮትሉ ይከፈታል፣ ብዙ አየር ይገባል፣ የስንጥቁ ድርሻ ኢምንት ይሆናል። ቀለበት መንገድ ላይ ደህና የሆነች መኪና መብራት ላይ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ ያዙት፤ በኋላ ለምርመራ ይጠቅመናል።

ምልክቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ካርቡሬተር ባላቸው፣ እንደ ላዳና እንደ አሮጌዎቹ ኮሮላዎች ባሉት፣ ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። የገባውን አየር በአየር መለኪያ ሴንሰር የሚለኩት ደግሞ ከመለኪያው አልፎ የገባውን አየር አያውቁትም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ቤንዚን ያንሳል፣ ቆይቶም የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል። በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለኩት ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ግፊቱ ከፍ ሲል ሴንሰሩ ብዙ አየር እንደገባ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል፤ ያኔ ሞተሩ አይጠፋም፣ ሚኒሞው ከፍ ብሎ እየጮኸ ቤንዚን ይበላል። ስለዚህ ዝቅ ያለም ሆነ ያለቅጥ ከፍ ያለ ሚኒሞ አንድ ዓይነት ጥርጣሬ ሊያሳድርብን ይገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ለእኛ ለደጋ ሰዎች በተለይ ወደሚያስፈልገው ነገር እንለፍ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእህቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፒዩ ደ ዶም የሚባለው ተራራ ላይ አስወጣው። ከተራራው ግርጌ ከነበረበት ይልቅ አናቱ ላይ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን የሚጫነው አየር እየቀነሰ እንደሚሄድ በዚያ ታወቀ።

ይህ ከእኛ ከአቃቂ ጋራዥ ጋር ምን አገናኘው? በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚህ ግፊቱ ወደ 590 ይወርዳል። ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። የውጭ አገር የጥገና መጻሕፍት «ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ማኒፎልዱ ላይ የተገጠመ የቫኪዩም መለኪያ (ጌጅ) ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል» ይላሉ። ይህ ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ አንድ ኢንች ስለሚቀንስ፣ አቃቂ ላይ ከ10 እስከ 15 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉን ብቻ አምኖ 13 ኢንች ያየ መካኒክ ደህናውን ሞተር ሊፈታው ነው። ይኸው መኪና አዳማ ቢወርድ ንባቡ ከፍ ይላል፣ እንጦጦ ቢወጣ ዝቅ ይላል።

ለጋራዥ ባለቤቶች አንድ ምክር አለኝ። ጤነኛ መሆኑን የምታውቁትን ሞተር በራሳችሁ ግቢ ለኩና ንባቡን ከሞተሩ ዓይነት ጋር መዝግባችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ለሰፈራችሁ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ የሚታመነው መለኪያ እሱ ነው። መርፌው ከዚያ ንባብ ዝቅ ብሎ ሳይወዛወዝ ከቆመ አየር የሚስብ ቦታ ወይም የተዛባ የማቀጣጠያ ጊዜ ጠርጥሩ። በየተወሰነ ጊዜ ቶሎ ወረድ እያለ የሚመለስ ከሆነ ግን ነገሩ የቫልቭ ወይም የካንዴላ ሊሆን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀዳዳው የት የት ይገኛል? በመጀመሪያ ቀጫጭኖቹን የቫኪዩም ጎማዎች ተመልከቱ። የሞተር ሙቀት ለዓመታት ሲጠብሳቸው ይደርቃሉ። ጎማው ሲያዩት ሙሉ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ምንም አይመስልም። ጫፉን፣ ከቧንቧው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ፣ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጎንበስ አድርጉት። ያኔ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አፋቸውን ይከፍታሉ። ስትለቁት መልሰው ይገጥማሉ። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ በዓይን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፤ እጅ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ከአየር ማጣሪያ ወደ ትሮትል የሚሄደውን ሽብሽብ ትልቅ ጎማ እዩ። የሞተር መቀመጫ ጎማዎች ሲያረጁ ሞተሩ በተነሳና በቆመ ቁጥር ይወራጫል፤ ይህ ጎማም በሽብሽቡ ሥር ይቀደዳል። ከዚያ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን፣ የካርቡሬተሩን ወይም የትሮትሉን መቀመጫ፣ የኢንጀክተሮቹን ክብ ጎማ፣ ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ጋዝ ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰውን ፒሲቪ ቫልቭና ጎማውን፣ በመጨረሻም ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ተመልከቱ። የአየር መለኪያ ሴንሰር ባላቸው ሞተሮች ያልተገጠመ የዘይት መሙያ ክዳን ወይም የዘይት መለኪያ ዘንግ እንኳ ሚኒሞ ሊያበላሽ ይችላል።

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ።

አንደኛ፣ ጆሮ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፉጨት ወይም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ፈልጉ። ግማሽ ሜትር ገደማ ጎማ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ጋ፣ ሌላውን በየመጋጠሚያው አዙሩት፤ ድምፁ የት እንደሚጎላ ይነግራችኋል። ጎማው፣ እጃችሁና ነጠላችሁ ከቬንትሌተሩና ከቺንጊያው ይራቁ።

ሁለተኛ፣ መቆንጠጥ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ፣ አፉን በጨርቅ በጠቀለላችሁት ፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ቆንጥጡ። አንዱን ስትቆነጥጡ የሞተሩ ዙር በግልጽ ከተስተካከለ ችግሩ ከዚያ ጎማ ወዲያ ነው። በጣም የደረቀውን ግን አትቆንጥጡ፣ ይሰበራል።

ሦስተኛ፣ ውኃ መርጨት። በትንሽ መርጫ ንጹሕ ውኃ በማኒፎልዱ መጋጠሚያ ዙሪያ በስሱ ርጩ። ውኃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የካንዴላ ገመዶችን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶችንና የአየር ማጣሪያውን ውኃ አታስነኩ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። አንዳንዱ በጠርሙስ ክዳን ወይም በሲሪንጅ ቤንዚን ይረጫል። ይህን አታድርጉ! ከማኒፎልዱ አጠገብ የጋለ የጭስ ማውጫ አለ፣ የካንዴላ ገመድ ብልጭታ አለ። ከኮፈኑ ሥር የተጠራቀመ የቤንዚን ትነት በአንድ ብልጭታ ይነሳል፤ የሚቃጠለውም የሰው ፊትና እጅ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይም ቢሆን በቀላሉ የሚነድ ነው። የሚጠቀምበት ባለሙያ በጋለ ሞተር ላይ አይርጭ፣ በስሱ ይርጭ፣ የእሳት ማጥፊያውንም ከአጠገቡ አይለይ።

አራተኛ፣ የኮምፒውተር ምርመራ። ድብልቁ ቀጥኗል የሚለው ኮድ ፒ 0171 ነው። ይህ ኮድ ሲወጣ ብዙ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር ለመግዛት ይሮጣል። ሴንሰሩ ግን ያየውን ነው የተናገረው። በእሱ ፈንታ ኮምፒውተሩ የጨመረውን ወይም የቀነሰውን ቤንዚን የሚያሳየውን፣ ፊውል ትሪም የሚባለውን ንባብ አይታችሁ ሁለት ጊዜ መዝግቡ፤ አንዴ በሚኒሞ፣ አንዴ በደቂቃ 2,500 ዙር። በሚኒሞ ከፍተኛ የቤንዚን ጭማሪ፣ ለምሳሌ 20 በመቶና ከዚያ በላይ አሳይቶ፣ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር እየሳበ ነው። ቅድም አጥብቃችሁ ያዙት ያልኩት ልዩነት እዚህ ይሠራል። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ጭማሪው እየባሰ ከሄደ ግን ፊታችሁን ወደ ቤንዚን ፓምፕና ማጣሪያ አዙሩ።

አምስተኛ፣ ጭስ። የጭስ ማሽን ያላቸው ጋራዦች ሞተሩን አጥፍተው በማኒፎልዱ ውስጥ ጭስ ይሞላሉ፤ ጭሱ በቀዳዳው ሲወጣ ቦታውን በዓይን ያሳያል። የተደበቀውን የሚያወጣ ምርጥ ዘዴ ነው። ግፊቱ ግን ከአንድ ፒኤስአይ ገደማ ማለፍ የለበትም። ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕሬሰር በቀጥታ ማገናኘት ደህና የነበረውን ማሸጊያ መፈንቀል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ቀዳዳው ተገኘ እንበል። ጥገናው ምን ይመስላል?

ጎማው ጫፉ ላይ ብቻ ተሰንጥቆ ርዝመቱ የሚተርፍ ከሆነ፣ የተሰነጠቀውን ቆርጦ ጤነኛውን ክፍል መልሶ መግጠም ለጊዜው ይበቃል። አንዱ ከደረቀ ግን ሌሎቹም እኩያዎቹ ናቸው፤ ሁሉንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል። አዲስ ስትገዙ የውስጥ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ልካችሁ ግዙ። ሰፊ ጎማ በፋሸታ ቢጠበቅም ይሸበሸባልና በሽብሽቡ አየር ያስገባል። ተራ የውኃ ጎማ ለቫኪዩም አይሆንም፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲሳብ ጎኖቹ ይጣበቃሉ። ስንጥቁን በከመነዳሪ መጠቅለልም ጥገና አይደለም፤ ወዝና ሙቀት ሲነካው ይላላል።

የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ሲቀየር ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌው ቅሪት ሁለቱንም ፊት ሳይቧጭር መነሳት አለበት፤ በተለይ አሉሚኒየም በቀላሉ ይጎዳል። ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፤ ጨርቁን ማውጣት ደግሞ እንዳይረሳ። ማኒፎልዱ መጣመሙን በቀጥተኛ የብረት ማስመሪያ ፈትሹ። በጓርኒሲዮን ፈንታ ሲሊኮን መቀባት የተለመደ ሆኗል። የተረፈው ሲሊኮን ግን ወደ ውስጥ ይጨመቃል፣ ተቀርፎም ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያላችሁ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር አጥብቁ። ከዳር ተጀምሮ ከተጠበቀ መሃሉ ይነሳና አየር መሳቡ ይቀጥላል።

ጥገናው ሲያልቅ የሚረሳ አንድ ሥራ አለ። ቀድሞ ተነስቶ የነበረው ሚኒሞ ወደ ቦታው ይመለስ። ኮዱ ይጥፋ፣ ጌጁ እንደገና ይገጠም፣ ፊውል ትሪሙም እንደገና ይታይ። ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ ለደንበኛው አሳዩት፤ የከፈለበትን ነገር በዓይኑ ሲያይ ያምናችኋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ነገሩ ከቤንዚንና ከገንዘብ የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ እሱም ፍሬን ነው። የፍሬን ሰርቮ የእግራችሁን ኃይል የሚያባዛው በቫኪዩም ነው። በአንድ በኩል ቫኪዩም፣ በሌላ በኩል የውጭ አየር ሲኖር፣ ልዩነቱ ፍሬኑን ይገፋል። ደጋ ላይ የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሰርቮው ከመነሻው የሚሰጠው ኃይል ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ያንሳል። በዚህ ላይ ጎማው ቢያፈስ መጠባበቂያችን በጣም ትንሽ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሾፌርም ሆነ በቃሊቲ መንገድ ከጭነት መኪኖች መሃል የሚነዳ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ፍተሻው ማንም ሰው የሚችለው ነው። ሞተሩን አጥፉ። የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እስኪጠጥር። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ካልተነቃነቀ ጎማውን፣ በጎማው ላይ ያለውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭና ሰርቮውን አስመርምሩ። ፍሬን ስትረግጡ ሚኒሞ የሚወርድ ወይም ፉጨት የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ሰርቮው ራሱ ተቀዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና እስኪጠገን ይቁም።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ይህ አይመለከተንም እንዳትሉ። የናፍጣ ሞተር በማኒፎልዱ ውስጥ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር በብዙ የናፍጣ ሚኒባሶችና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የቫኪዩም ፓምፕ ተገጥሟል፤ በብዙዎቹ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። የእናንተ ሞተር አይንቀጠቀጥም፤ ጎማው ሲሰነጠቅ በቀጥታ የሚጎዳው ፍሬኑ ነው። ምልክት ሳትጠብቁ ፈትሹ።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሳነው በምክንያት ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አልፏል። ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ተነግሯል። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች ከእኛ ጋር የሚያረጁ ናቸው። ዕድሜያቸው የሚረዝመው በመለዋወጫ ብዛት ሳይሆን በምርመራ ጥራት ነው። አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የጋራዥ ሰፈር ናት፤ በዚህ ሙያ ለመላው ከተማ ምሳሌ መሆን ትችላለች።

ባለመኪኖች፣ ነገ ጋራዥ ስትገቡ «ሚኒሞዋን ከፍ አድርግልኝ» ከማለት ይልቅ «አየር እየሳበች እንደሆነ ፈትሽልኝ» በሉ፤ ለምርመራው ጊዜም ተገቢውን ክፈሉ። ባለሙያዎች፣ ዋጋችሁን በቀየራችሁት ዕቃ ብቻ ሳይሆን ባገኛችሁት ጥፋት ለኩ፣ ለተለማማጆቻችሁም ቅደም ተከተሉን አስተምሩ፦ ጆሮ፣ መቆንጠጥ፣ ውኃ፣ ኮምፒውተር፣ ጭስ። የፍሬኑን ፍተሻ ደግሞ ሁላችሁም ዛሬውኑ፣ መኪናችሁን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት አድርጉት።

  

(መለያ ሙዚቃ)